የፊልም ፎቶ በባሕር ዳር፦ ጠይቁኝ

የፊልም ካሜራ እንደገና ፈላጊ አግኝቷል። የአባቱን ወይም የአጎቱን ካሜራ ከቁምሳጥን አውጥቶ «ይሠራል ወይ?» የሚለኝ ወጣት በዝቷል። እኔ የማነሳው በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ የማጥበውም እዚሁ ቤቴ ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣው ይኸው።

ጥያቄ (ፔዳ ግቢ)፦ ጋሼ፣ ከአጎቴ «ዜኒት ኢ» ወረስኩ። የባትሪ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ጎድሎ ነው?

መልስ፦ አልጎደለም ልጄ። ዜኒት ኢ ያለ ባትሪ ነው የሚሠራው። ከሌንሱ በላይ ያለችው መስኮት ብርሃን ለኪው ናት፤ ኃይሏን ከብርሃኑ ከራሱ ታገኛለች። ዕድሜ ሲጫናት ትደክማለችና ብዙ አትመናት። ፀሐይ ድምቅ ባለበት ቀን የፊልምህ አይኤስኦ (ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 100 ከሆነ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 16፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/125 ሰከንድ አድርግ። 400 ከሆነ ኤፍ 16 እና 1/500። ጥላ ውስጥ ከገባህ ወደ ኤፍ 5.6 ክፈት። ፊልም ከማስገባትህ በፊት ጀርባውን ከፍተህ በየፍጥነቱ ጠቅ ጠቅ አድርገው። የመዝጊያው መጋረጃ ከተቀደደ ወይም ከያዘው ያን ጊዜ ታየዋለህ።

ጥያቄ (ጊሽ ዓባይ)፦ ፊልም ከውጭ የሚያመጣልኝ ዘመድ አለ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ጥቁርና ነጭ፣ 400፣ ባለ 36 ፎቶ። ፎማፓን ወይም ኬንትሜር ለጀማሪ ይበቃል። በእጅ ቦርሳው ይያዘው፤ ሻንጣ ውስጥ አያስገባው። የሻንጣ ኤክስሬይ ፊልም ያበላሻል። በአንዳንድ ኤርፖርቶች ያሉት አዳዲሶቹ ሲቲ ማሽኖች ደግሞ የእጅ ቦርሳውንም አይምሩም። እዚያ ሲደርስ ፊልሙን አውጥቶ «በእጅ ፈትሹልኝ» ይበል። ከመጣ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ በታሸገ ላስቲክ ይቀመጥ። ስታወጣው እስኪሞቅ ሳትከፍተው ጠብቅ፤ አለዚያ ያልበዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአንዲት ኪራይ ክፍል ነው። ጨለማ ክፍል ከየት ላምጣ?

መልስ፦ አያስፈልግህም። ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ከጥቅሉ አውጥተህ ታንኩ (ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ዕቃ) ውስጥ እስክታስገባ ብቻ ነው። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ሌላው ሁሉ በብርሃን ይሠራል። እጅ የሚገባበት ጥቁር ከረጢት ካለህ በቀንም ይሆናል። ከሌለህ ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍን፤ የሰፈሩ መብራት ከጠፋማ ይበልጥ ተመቸህ። ቀይ አምፖል ግን እንዳታበራ! ቀይ መብራት ለጥቁርና ነጭ ወረቀት ነው እንጂ የዛሬ ፊልሞች ቀዩንም ያያሉ። መጀመሪያ በተበላሸ ፊልም ዓይንህን ጨፍነህ ተለማመድ።

ጥያቄ፦ መመሪያው 20 ዲግሪ ይላል። በሚያዝያ የኛ ቧንቧ ውሃ ለብ ያለ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የባሕር ዳር ሰው ዋና ችግር ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሲሞቅ ይፈጥናል። በየዲግሪው ጊዜው ወደ 10 በመቶ ገደማ ያጥራል። ኤችፒ5 ፊልም አይዲ-11 ዴቨሎፐር ውስጥ፣ አንድ እጅ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥነህ፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ይፈልጋል። በ24 ዲግሪ 9 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ፦ ወይ ውሃውን ታቀዘቅዛለህ፣ ወይ ጊዜውን ታሳጥራለህ። እኔ ጊዜውን ማሳጠር እመርጣለሁ፤ ሁሌ በአንድ ዲግሪ መሥራት ይቀለኛል። ከ5 ደቂቃ በታች ግን አትውረድ፤ ፊልሙ ወጥ ሆኖ አይታጠብም። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ሃይላንድ ውስጥ ያቀዘቀዝከውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ገልብጥና ጠርሙሶችህን አቁምበት። ዴቨሎፐሩ፣ ማቆሚያው (ዴቨሎፐሩን የሚያስቆመው)፣ ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው)፣ ማለቅለቂያውም ተቀራራቢ ሙቀት ይኑራቸው። ቴርሞሜትር ግዛ፤ በጣት አይለካም። ታንኩን በየደቂቃው መጀመሪያ ለ10 ሰከንድ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው፣ የአየር አረፋው ይለቀቃል።

ጥያቄ (ዘጌ)፦ በቡና ፊልም ይታጠባል ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1995 አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳዩት ነው። ቡና ውስጥ ያለ አሲድ ከሶዳ ጋር ሲሆን ዴቨሎፐር ይሆናል። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ የሌለው የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ንጹሕ የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። የዳቦው ቤኪንግ ሶዳ እንዳለ አይሠራም፤ ብረት ምጣድ ላይ በደንብ ከታመሰ ግን ወደዚያኛው ይለወጣል። የሚመረጠው ርካሹ ፈጣን ቡና ነው። የዘጌን ቡና ለፊልም ማባከን ነውር ነው፣ አፍሉና ጠጡት! ሽታው ደግሞ ክፉ ነው፤ መስኮት ክፈቱ። ፊክሰር ግን አይቀርም፤ ቡና የሚተካው ዴቨሎፐሩን ብቻ ነው።

ጥያቄ (አንዲት እህት)፦ በጥምቀት ሴቶችን በነጠላ አነሳሁ። ፊታቸው ጠቆረ፣ ነጠላው አመድማ ሆነ። ካሜራዬ ተበላሽቷል?

መልስ፦ ካሜራሽ ደህና ነው። ብርሃን ለኪው ሁሉ ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ሲሞላው «ብርሃኑ በዝቷል» ይልና ይቀንሳል፤ ፊቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚያው ብርሃን መዳፍሽን ዘርግተሽ ከሱ ላይ ለኪ። ከዚያ አንድ ደረጃ ጨምሪ፤ ለምሳሌ ኤፍ 11 ካለሽ ወደ ኤፍ 8። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ካነሰው ግን ጥላው ውስጥ ያልተቀረጸ ነገር ኋላ አይገኝም። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ከላይ ስትወርድ ዓይን ይጠፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሺ። ካልሆነልሽ ዋርካ ሥር አስቀምጪያቸው።

ጥያቄ፦ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች በፊልም ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅድ። ፍላሽ እርሳው። በሮቹ ክፍት ሲሆኑ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ 400 ፊልም፣ ኤፍ 2፣ 1/30 ሞክርና ትንፋሽህን ያዝ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ ለእህቶች ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ጀልባ ከተከራዩ በኋላ መስማቱ ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ፊልሜ ሲደርቅ ነጭ ጠብታ ይወጣበታል።

መልስ፦ የውሃው ነው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በተጣራ ውሃ አድርገው። የመኪና ዕቃ ሻጮች ጋ ያለው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ አሲዱን ግን እንዳትሳሳት። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበት። ከዚያ ሰው የማይመላለስበት ክፍል ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ ስቀለው፤ ታችኛውንም ጫፍ ቆንጥጠው።

ጥያቄ፦ ያለቀውን ፊክሰር የት እንድፋው?

መልስ፦ ጣና ውስጥም ቱቦ ውስጥም አይሆንም። ብር ሟሙቶበታል፤ ለዓሣው መርዝ ነው። እምቦጭ የሚያሠቃየው ሐይቅ ላይ ሌላ ጣጣ አንጨምር። ፊክሰሩ ውስጥ ተራ የብረት ሱፍ፣ የሚዝገውን ዓይነት፣ ለጥቂት ቀናት ክተትበት፤ ብሩ ብረቱ ላይ ይቀራል። ፊክሰሩ ማለቁን ለማወቅ የተረፈች የፊልም ቁራጭ ጣልበት። ለመጥራት የወሰደባትን ጊዜ ያዝ፤ ፊልምህን ቢያንስ የዚያን እጥፍ አቆየው። አዲስ ሳለ ከወሰደው ጊዜ በእጥፍ ከዘገየ ዕድሜው አልቋል።

ጥያቄ፦ የቀለም ፊልምስ?

መልስ፦ በ38 ዲግሪ፣ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ሙቀቱ ትንሽ ከተዛነፈ ቀለሙ ይዛባል። ጥቁርና ነጩን እጅህ ይልመድና ያን ጊዜ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ስካነር የለኝም። ኔጋቲቩን እንዴት ልየው?

መልስ፦ ታብሌት ላይ ነጭ ገጽ ክፈት። ኔጋቲቩን ከስክሪኑ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ያዝ፤ ከተጠጋ የስክሪኑ ነጠብጣብ አብሮ ይነሳል። የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ በስልክህ ከላይ ቀጥ አድርገህ አንሳው፣ ከዚያ በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ጥቁሩን ወደ ነጭ ገልብጠው።