የአፍንጫ ፖሊፕን በቤት ውስጥ ስለመንከባከብ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሐኪም በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎችዎ ፖሊፕ እንዳገኘ ገልጸው፣ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጠይቀዋል። ፖሊፕ ለረጅም ጊዜ በተቆጣ የአፍንጫና የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያሉ ባዶ ክፍተቶች) ሽፋን ላይ የሚያድግ ለስላሳ እብጠት እንጂ ካንሰር አይደለም፤ የቤት ውስጥ እንክብካቤም ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ፖሊፑን ነቅሎ አያጠፋም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ በጨው ውሃ ማጠብን ነው። ፈልቶ ለብ እስኪል በቀዘቀዘ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨው ያሟሙ፤ ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ። ጎንበስ ብለው፣ ራስዎን ወደ ጎን አዘንብለውና በአፍ እየተነፈሱ በላይኛው ቀዳዳ ሲያፈሱት በታችኛው ይወጣል። ሐኪምዎ የስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ስፕሬይ አዝዞልዎት ከሆነ ከእጥበቱ በኋላ፣ ጫፉን ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ አርቀው ወደ ውጭ በማዞር ይርጩት፤ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ተስፋ ቆርጠው አያቋርጡት።

የከሰል፣ የዕጣንና የሲጋራ ጭስ ሽፋኑን ስለሚያስቆጣ ቡና ሲፈላ መስኮት ይክፈቱ። የዳማከሴ እንፋሎት ለጊዜው ቀለል ቢያደርግዎትም ጭማቂውን አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ ሽፋኑን ሊያቃጥል ይችላል። አፍንጫ የሚከፍቱ እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎችም ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰዱ መታፈኑን ያባብሳሉ።

አስም ካለብዎት አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከመውሰድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከታፈነ ወይም ከደማ፣ በተለይም ዓይንዎ ዙሪያ ካበጠ ወይም እይታዎ ከተለወጠ፣ ሳይዘገዩ ይታዩ።