ችግራችሁ ሲፈታ ተመልሳችሁ ንገሩ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በተሽከርካሪ ጥገና መሐንዲስነትና ይህንኑ ሙያ በማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶች በቴሌግራም በሚገናኙበት አንድ ቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜዬን አሳልፋለሁ። አባላቱ በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በድሬዳዋ የሚኖሩ፣ ጥቂቶቹም ኑሯቸውን በአሜሪካና በጀርመን ያደረጉ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የልጆቼ እኩዮች ናቸው፤ የሚነዷቸው መኪኖች ግን ከእነርሱ በፊት የተወለዱ ናቸው። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ እንዳላችሁ ወይም አንድ ቀን እንደምትገቡ ስለማምን፣ ስብስቡን ምን እንደሚያጸናውና ምን እንደሚበትነው ያየሁትን ልነግራችሁ እወዳለሁ።

መኪና መውደድ ሰዎችን ለማሰባሰብ ይበቃል። አንድ ሰው አባቱ የነዷትን፣ ለዓመታት በግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመችውን ቮልስ አስነሣለሁ ብሎ ሲነሣ፣ በሰፈሩ የሚያውቃት መካኒክ ስለማያገኝ ወደ ቡድኑ ይመጣል። የስብስቡን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ያ ሰው ተመልሶ ችግሩ ምን እንደነበረና በምን እንደተፈታ ይናገራል ወይስ ዝም ብሎ ይሄዳል? ሌላው ሁሉ፣ የአስተባባሪው ትጋትም ይሁን የአባላቱ ብዛት ወይም በበዓል ቀን በአንድነት የሚደረገው ጉዞ ድምቀት፣ በእኔ ግምት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ባለፈው በጋ አንድ ወጣት ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሞተሩ ግሎ እንደሚጠፋበትና ቆሞ ካልቀዘቀዘ በቀር እንደማይነሣለት ጻፈ። ምላሹ ወዲያው ጎረፈ፤ አንዱ ኮይሉን እንዲለውጥ፣ ሌላው የነዳጅ ፓምፑን እንዲያስፈትሽ፣ ሦስተኛው ካርቡሬተሩን እንዲያሳጥብ መከሩት። ልጁ ኮይል ገዝቶ ለወጠ፤ ምንም አልተሻለውም። በዚህ መካከል ከአዳማ የሚሳተፉ አንድ አንጋፋ መካኒክ መላ ምታቸውን ከመጨመር ይልቅ ጥያቄ አቀረቡ። «ልጄ፣ የኋላውን ኮፈን ክፈትና ሞተሩን ዙሪያውን የሚዘጋውን ላስቲክ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አሉት። ፎቶው ሲመጣ ላስቲኩ በአንድ ወገን ጨርሶ የለም፤ ቀደም ሲል ሞተሩ ወርዶ በተሠራ ጊዜም አንድ የላሜራ መሸፈኛ ሳይመለስ ቀርቷል።

የቮልስ ሞተር በውኃ አይቀዘቅዝም። ቬንትሌተሩ ከላይ ያለውን አየር ስቦ በሲሊንደሮቹ ላይ ያነፍሳል፤ የጋለው አየርም ወደ ታች ወርዶ ይወጣል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላስቲክና ላሜራ ሥራው የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ከታችኛው ትኩስ አየር ለይቶ መያዝ ነው። እርሱ ከጎደለ ቬንትሌተሩ መልሶ የሚስበው ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ሲፈተሽ ደህና መስሎ የሚታይ ሞተር ረጅም ዳገት ላይ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። ወጣቱ ላስቲኩንና ላሜራውን አሟልቶ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰና ጻፈ፤ ክፍተቱ በየት በኩል እንደነበረ፣ ላስቲኩን ከየት እንዳገኘው፣ ኮይል መለወጡ እንዳልረዳው ጭምር ሳይደብቅ ዘረዘረ። ያ አንድ አንቀጽ ከቀደሙት ምላሾች ሁሉ ይበልጥብኛል። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አባላቱ የእርሱን ጽሑፍ አውጥተው ያቀብላሉ፤ ላስቲካቸው ደህና ሆኖ ሞተራቸው የሚግልባቸውም የየራሳቸውን ምክንያት ሲያገኙ ከሥሩ ይጨምሩበታል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። እድር ድንኳን የተከለለት ሰው በሌላው ሐዘን ቀን ድንኳን ሊተክል ይገኛል፤ ካልተገኘም ደንቡ ይቀጣዋል። በስልክ የተሰባሰቡ የመኪና ወዳጆች ግን መቅጫ ስለሌላቸው፣ ተመልሶ የመናገሩን ልማድ ማሳደግ የነባር አባላት ኃላፊነት ይሆናል። ረድታችሁት በጠፋ ሰው አትቀየሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ «መኪናህ እንዴት ሆነች?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው የሚጠፋው የእርሱ ነገር ለሌላው ይጠቅማል ብሎ ስላላሰበ ነው፤ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ይጽፋል።

ቮልስ የብዙ አገር መኪና መሆኗ ደግሞ ሌላ ሀብት ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጀርመን በፈርዲናንድ ፖርሽ መሪነት ተነድፋ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቮልፍስቡርግ በብሪታንያዊው የጦር መኮንን በሜጀር አይቫን ኸርስት ኃላፊነት ምርቷ የቀጠለ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ በፑኤብላ ከተማ ነው። በጠቅላላው 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተዋል። በእኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና ቮልስ መሆኗን የማያውቅ አዋቂ ጥቂት ነው፤ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የመምህሩ፣ የነርሷና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ኖራለች። ሞተሯ በመሠረቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመሠራቱ፣ በአንድ አገር የተገኘ መፍትሔ በሌላው አገር ላለችውም ይሠራል።

ሆኖም ሁሉም ምክር ለሁሉም ቦታ አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚለካባት ትንሿ ቀዳዳ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነች ከሆነች እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ጀርመናውያን ወዳጆቻችን ስለ ሌላው ነገር ሁሉ በሚገባ ቢመክሩንም፣ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ በየቀኑ አይነዱም። ሜክሲኮ ሲቲ ግን 2,240 ሜትር ላይ ያለች፣ ቮልስ ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆና ያገለገለችባት ከተማ ናት፤ ፑኤብላም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ አንዳንድ አባሎቻችን በስልካቸው እያስተረጎሙ የሜክሲኮ ባለቤቶችን መጠየቅ ሲጀምሩ ያገኙት መልስ ለአዲስ አበባ መንገድ የተለካ ያህል የሚስማማ ሆነ። ቀዳዳዋን ማሳነስ እዚህ ይጠቅማል፤ መኪናዋን ይዞ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ግን ወደ ቀድሞው መጠን ካልመለሳት ነዳጁ አንሶ ሞተሩ ይግላል። ጥያቄም ምክርም ስትጽፉ የምትኖሩበትን ከተማ፣ የሞተሩን መጠንና ከዚያ በፊት የለወጣችሁትን ዕቃ አብራችሁ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ቦታው ያልተጻፈ ምክር አንዱን አድኖ ሌላውን ሊያከስር ይችላል።

የእንዲህ ያለ ወዳጅነት ጽናት በቮልስ ብቻ የሚታይ አይደለም። የስዊድኑ የሳብ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ኪሳራ ሲያውጅ የመኪናው ባለቤቶች ያለ ፋብሪካ ቀሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 መጀመሪያ፣ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው በተባለ ጊዜ፣ በብዙ አገሮች መኪኖቻቸውን አሰልፈው ወጥተው ነበር። ሰልፉ ፋብሪካውን ለዘለቄታው አላዳነውም። ፋብሪካው በነበረባት በትሮልሄታን ከተማ ያለው የሳብ ሙዚየም ስብስብ ግን ለሽያጭ ሲቀርብ፣ የከተማው አስተዳደር ከሌሎች ሁለት ተቋማት ጋር ገዝቶ በቦታው እንዲቆይ አድርጓል፤ ባለቤቶቹም ዛሬ ድረስ የትኛው ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደሚገጥም እየተነጋገሩ መኪኖቻቸውን ይነዳሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፤ ሰዎቹ ዕውቀቱን ቀድመው በእጃቸው ባያስገቡት ኖሮ ፋብሪካው በተዘጋ ማግሥት መኪኖቹም ይቆሙ ነበር።

ስብስቦች ሲፈርሱም አይቻለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ለአዲስ ገቢ ሰው ከሚሰጥ ንቀት ያለበት መልስ ነው። «ይህን እንኳ ሳታውቅ መኪና ገዛህ?» የተባለ ልጅ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ባይጠይቅ ደግሞ ነገ ለሌላው የሚመልስ ሰው አይወጣም። አንድን ጥያቄ ለመቶኛ ጊዜ መመለስ እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ የደከመው ሰው ዝም ቢል ሌላ ይመልሳል። ፓራፋንጎውና ቀለሙ እንደ ጥንቱ ይሁን ወይስ እንደ ባለቤቱ ምርጫ የሚለው ክርክርም ብዙ ወዳጆችን አለያይቷል። እኔ የጥንቱን እወዳለሁ፤ ሆኖም ሞተሯን አውጥቶ ኤሌክትሪክ የሚገጥምላት ወጣት መኪናዋን ከመበስበስ አድኗታልና ከእኛ ጋር ይቆጠራል። የገንዘብ ነገር ሲገባ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መለዋወጫ አመጣለሁ ብሎ ቀብድ ሰብስቦ የጠፋ አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት የተገነባ መተማመን ሊያፈርስ ይችላል። ዕቃው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ዋጋው፣ የሚደርስበት ጊዜና ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል በሁሉም ፊት ይጻፍ።

ፍሬን፣ መሪና የነዳጅ መስመርን በተመለከተ በግምት አትምከሩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «መኪናዋን አታንቀሳቅስ፤ መካኒክ ይያት» ማለት ይበቃል። ይህ ለወዳጃችሁ የምታሳዩት ትልቁ አክብሮት ነው።

ስለ ጽሑፍ አቀማመጥም አንድ ነገር ልበል፤ ወጣቶች በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ቸልተኛ ሆናችሁ አያችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም መኪና ወዳጆች ፎቶዎቻቸውን ያስቀምጡበት የነበረ አንድ ትልቅ አገልግሎት ሰጪ ክፍያ ሳይጠበቅ ጠየቀ፤ ባልከፈሉት ላይም ምስሎቹን ዘጋ። ለብዙ ዓመታት በፎቶ እየተደገፈ የተጻፈ የጥገና ትምህርት በአንድ ጊዜ ባዶ ሳጥን ብቻ የሚታይበት ሆነ። ፎቶውን በቃላት ያብራሩት ሰዎች ጽሑፋቸው እስካሁን ያገለግላል፤ «እዚህ ጋ ተመልከት» ብለው ብቻ ያለፉት ግን ምንም አልቀረላቸውም። እናንተም ፎቶ ስትልኩ ምን እንደሚያሳይ ከሥሩ ጻፉ። የድምፅ መልእክት ለመላክ ይቀላል፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ጥሩ ጥሩዎቹን ጽሑፎች ሰብስቦ በአንድ ሰነድ የሚያስቀምጥ፣ ቅጂውንም ለሦስት አራት ሰው የሚሰጥ አንድ ትጉ አባል መምረጥ ከዓመታዊ በዓል አዘጋጅ ይልቅ ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ የምላችሁ አሮጌ መኪና እንድትገዙ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ የምናየው ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ብዙዎቹ፣ በቮልስዋገን ስም የሚጠሩት አይዲ 4ና አይዲ 6 ጭምር፣ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ ስለሆኑ ስክሪናቸው በቻይንኛ ይጽፋል፤ የባለቤት መመሪያቸውም በቻይንኛ ነው። የገዢው ሁኔታ ቮልስ ከግቢ ጥግ አውጥቶ ሊያስነሣ ከሚታገለው ልጅ አይለይም፤ የሚጠይቀው ሌላ ባለቤት ብቻ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዝ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካ በቡድናችሁ መግቢያ ላይ በጉልህ ጻፉ። ከዚያ በተረፈ የስክሪኑን ምልክቶች በአማርኛ መዘርዘር፣ የስሕተት ቁጥሮችን ከነመፍትሔያቸው መመዝገብ ለማንም የሚቻል ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ከባትሪው ስንት በመቶ እንደፈጀ፣ ስትወርዱ ደግሞ ስንት እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንደጫናችሁና መኪናው እስከዚያ ቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ዛሬ ጽፋችሁ ብታስቀምጡ፣ ያንኑ ዓይነት መኪና ከዓመታት በኋላ በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ የሚያመዛዝንበት ነገር ያገኛል።