ከአንድ ሣር ውስጥ ሦስት ጊዜ መታሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ኬንያ ለሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ጎልፍ ለመድኩና ስመለስ ሰባት ያገለገሉ ዱላዎች ይዤ መጣሁ። አሁን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እሁድ እሁድ ወደ ቦዬ መውጫ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ የራሳችንን ጉድጓድ ቆፍረን እንጫወታለን። የተሸነፈ ቁርስ ይጋብዛል። ብቻዬን ስለማመድ ኳሷን ከረጅም ሣር ውስጥ ደህና አድርጌ አወጣታለሁ። ነጥባችን እኩል ሆኖ እነሱ ቆመው ሲያዩኝ ግን ወይ ሣሩን ብቻ እነጫለሁ፣ ወይ ኳሷ ወደ ግራ ትፈተለካለች። ባለፈው እሁድ ከአንድ ቦታ ሦስት ጊዜ መታሁ። ምን ይሻለኛል? ደግሞስ ከኳሷ ጀርባ ያለውን ሣር በእግሬ ረገጥ ባደርገው ምን አለበት?
ቁርስ ጋባዡ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በየትኛው ዱላ እንደመታህ አልጻፍክም። ልገምት? ጉድጓዱ ሩቅ ነበር፣ ጓደኞችህ እያዩህ ነበር፣ አንተም ረጅሙን አይረን (ሩቅ የሚመታውን የብረት ዱላ) አነሳህ። ከሆነ ጥፋቱ ገና ሳትመታ አልቋል።

ሣር ያጨድክ ሰው ከሆንክ ቶሎ ይገባሃል። ማጭዱ እርጥብ ሣር ውስጥ ሲገባ ሣሩ ይጠመጠምበትና እጅህ ላይ ይዞራል አይደል? ዱላውም እንደዚያው ነው። ሣሩ አንገቱን ይይዘዋል፣ ኳሷን የሚመታው ፊቱ ወደ ግራ ዞሮ ይዘጋል፣ ኳሷም ወደ ግራ ትሄዳለች (ቀኝ እጅ መሆንህን ይዤ ነው)። ሰርዶ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ኳሷ ወደ ታች ትሰምጥና ጭራሽ አትታይም። በክረምት የጅማን ዝናብ ጨምርበት።

ስለዚህ ዘጠኝ ቁጥር አይረን ወይ ዌጅ አንሳ፤ ሁለቱም አጠር ያሉና ኳሷን ወደ ላይ የሚያነሱ ዱላዎች ናቸው። ፊቱን ትንሽ ወደ ቀኝ ክፈተው። በግራ እጅህ የመጨረሻ ሦስት ጣቶች ከወትሮው ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ኳሷን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ እግርህ አስጠጋት፣ ክብደትህን ግራ እግርህ ላይ ጣል። ከዚያ ዱላውን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳና ወደ ታች ምታ። አትጥረገው፤ ስትጠርግ ነው ሣሩን ብቻ የምትነጨው። ሣሩ አጭር ሆኖ ኳሷ ግማሽ ድረስ ብቻ ከተደበቀች ግን ተቃራኒው ይመጣል፦ በኳሷና በዱላው መሃል ሣር ስለሚገባ ሽክርክሪቷ ይቀንሳል፣ ካሰብከው አልፋ ትበርና ወርዳም ትንከባለላለች።

ስለ ጭንቀቱ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርህ። በ1999 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ካርኑስቲ ሜዳ፣ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ ብሪቲሽ ኦፕን የተባለውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ጉድጓድ የጀመረው በሦስት ምት እየመራ ነበር። ጥቂት ምት የመታ ነው የሚያሸንፈው፤ ይህን ጉድጓድ በስድስት ምት ቢጨርስ ዋንጫው የእሱ ነው። ሁለተኛ ምቱ የተመልካች መቀመጫ መትታ ተመለሰችና ረጅም ሣር ውስጥ ገባች። እስቲ አብረን እንቁጠር፦ በሦስተኛው ወደ ጎን ቢያወጣት፣ በአራተኛው ግሪን ላይ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ) ቢያደርሳት፣ ሁለቴ ገፍቶ ቢከታት ስድስት፤ ያሸንፋል። እሱ ግን ከዚያው ሣር ውስጥ በቀጥታ ወደ ግሪን መታ። ኳሷ ወንዝ ውስጥ ገባች፣ እሱም ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ቆመ። በሰባት ጨረሰ፣ ከዚያም እኩል ስለሆኑ በተደረገው መለያ ጨዋታ በፖል ሎሪ ተሸነፈ። ሰውየው መምታት ጠፍቶት አይመስለኝም። የጠፋው ቁጥሩ ነው።

አንተም ሣሩ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ጮክ ብለህ ቁጠር። «ወደ ጎን ባወጣት በስንት እጨርሳለሁ?» በል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከምትፈራው ይሻላል። ከዚያ ራቅ ብለህ ተመሳሳይ ሣር ላይ ሁለቴ በባዶ ሞክር፣ ተንፍስ፣ ምታ። ሰው እየጠበቀህ ነው ብለህ አትቸኩል፣ ግን ደግሞ አትንዛዛ። ብቻህን ስትለማመድም አሥር ኳስ አትደርድር፤ አንዲት ኳስ ወርውር፣ አንዴ ምታ፣ ከወደቀችበት ሂድና ቀጥል። አሥረኛዋ ላይ የተሳካልህን ምት ነው ብቃቴ ብለህ የያዝከው፣ ጓደኞችህ የሚያዩት ግን የመጀመሪያዋን ነው።

ሣር መርገጡ አይፈቀድም፤ ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት ጨዋታ ሁለት ምት ያስቀጣሃል፣ አሸናፊው ጉድጓድ በጉድጓድ በሚለይበት የአንድ ለአንድ ጨዋታ ደግሞ ያን ጉድጓድ ትሸነፋለህ። የወደቀ ቅጠልና የደረቀ ቅርንጫፍ ግን ኳሷ ሳትነቃነቅ ማንሳት ትችላለህ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኳስ ለመፈለግ የተፈቀደው 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስትፈልግ ሳታስበው ብትነካት አትቀጣም፣ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለህ። ጭራሽ የማትመታ ከሆነች አንድ ምት ተቀጥተህ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትጠጋ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ ትጥላታለህ። ሦስት ጊዜ ከመምታትህ ይህ ይረክስህ ነበር።

አጠገቧ ንብ ወይም መርዘኛ እባብ ካለ ደግሞ ያለ ቅጣት ራቅ ብለህ መጣል ትችላለህ። የቦዬ ረግረግ ጉማሬ ከመጣ ግን ደንቡን ቤት ገብተህ ታነበዋለህ።