የፖስታና የጓዳ ጥያቄዎች፤ ከድሬ ለድሬና ለሐረር

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ግማሾቹ ስለ ፖስታና እቃ መላክ ነው። ሌሎቹ ደክሞ ቤት ሲገባ ጓዳ ውስጥ ካለው ነገር ቶሎ ስለሚሠራ ምግብ ነው። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ቤቴንም የማስተዳድረው በዚሁ በድሬ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ልጄ ከካናዳ ጥቅል ልትልክልኝ ነው። ቀበሌዬንና የቤት ቁጥሬን ሰጠኋት። ይበቃል? (ከሳቢያን፣ አንዲት እናት)

አይበቃም እማማ። የእኛ ፖስታ ከመሠረቱ የተዘረጋው በሳጥን ቁጥር ነው። ጥቅሉ ላይ ስምዎ፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ ድሬዳዋ፣ ኢትዮጵያ ተብሎ ይጻፍ። ከሥሩ የሞባይል ቁጥርዎ በ251 ጀምሮ ይግባ። ስልኩን አደራ፤ ጥቅል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሰው የሚገኘው በእሱ ነው።

የራስዎ ሳጥን ከሌለዎት የዘመድ ወይም የልጅዎ መሥሪያ ቤት ሳጥን ይሆናል። ግን ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ «በእገሌ በኩል» ተብሎም ይጻፍ። ሌላው ትልቁ ነገር ስም ነው። ልጅዎ የቤት ስምዎን ከጻፈች ጥቅሉን ለማውጣት ይቸገራሉ። መታወቂያዎ ላይ ያለውን ስም ከነአባት ስም ፎቶ አንስተው ይላኩላት። እሷም እንዳለ ትገልብጠው።

ላኪው አንድ ረጅም ቁጥር ላከልኝ። ምንድን ነው? (ከአዲስ ከተማ)

መከታተያ ቁጥር ነው። በፖስታ የተላከ ከሆነ 13 ምልክት አለው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ እንደገና ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች የላኪው አገር መለያ ናቸው። ከእኛ የሚወጣው «ኢ» እና «ቲ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ያበቃል። መጀመሪያው ፊደል ዓይነቱን ይናገራል፤ «ኢ» ከሆነ ኢኤምኤስ (ፈጣን መልእክት)፣ «አር» ከሆነ ሪኮማንዴ (የአደራ ደብዳቤ)፣ «ሲ» ከሆነ ጥቅል ነው። ቁጥሩን ይዘህ ፖስታ ቤት ብትሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቶሎ ይረዳሃል። «አንድ እቃ መጥቶልኝ ነበር» ብሎ ባዶ እጅ መሄድ ግን ሁለታችሁንም ያደክማል።

ወንድሜ ፓወር ባንክና ሽቶ ልላክ ይላል።

አይላክ። የሊቲየም ባትሪ ለብቻው በአየር ፖስታ አይሄድም፤ ፓወር ባንክ ማለት ደግሞ ራሱ ባትሪ ነው። ሽቶም አልኮል ስላለው እንደ ተቀጣጣይ ነው የሚታየው። በሰው ይላክ። ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ይሁን።

እህቴ ጀርመን ናት። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼላት ነበር። (ከለገሀሬ)

ቋንጣውንና ቅቤውን አውጪያቸው እህቴ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ በግል የሚላክ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፤ ከተገኘ ይወረሳል። ያ ሁሉ ድካምሽና ቅመምሽ ሲጣል አይቶ ዝም ማለት ያማል። ሽሮና በርበሬው ደረቅ ስለሆኑ ጉዞውን ይችላሉ። ቅጹ ላይ «ምግብ» ብለሽ አትለፊው፤ የተፈጨ ሽምብራ፣ የተፈጨ በርበሬ እያልሽ በዝርዝር ጻፊ።

ይህን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ አካባቢ ደረቅ ጫት ከቅጠላ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ ለመላክ የሚሞክር አለ። እንግሊዝ ጫትን እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ አሜሪካም ከልክላለች። ችግር ውስጥ የሚገባው ተቀባዩ ነው። ልጃችሁን ከወደዳችሁ አትላኩ።

አዲስ አበባ ለምትማር ልጄ በአውቶቡስ ሽሮና በሶ እልካለሁ። አንዴ ሻግቶ ደረሰ። ምን ላድርግ? (ከገንደ ቆሬ)

ይሄ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ እናቶች የሚያቃጥላቸው ነገር ነው።

ሻጋታ እርጥበት ይወዳል። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ሽሮ ትኩስ ነው። እንደተፈጨ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጥና ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተሽ በደንብ አቀዝቅዢው። ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር ይሻላል፤ በነጠላ ሸፈን አድርጊው። ከዚያ ወፍራም ፌስታል፣ በላዩ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ካርቶን። በሶም እንዲሁ ነው። በርበሬ ከሆነ ግን ለብቻው ይታሸግ፤ ጠረኑ ሁሉን ነገር ይይዛል።

ድርቆሽም ጨምሪላት። ይሄን የምለው ድሬ ለድርቆሽ የተፈጠረች ከተማ ስለሆነች ነው። ደጋ ላይ ቀናት የሚፈጅ እንጀራ እዚህ ቶሎ ይደርቃል። በእጅሽ ስትሰብሪው ቀጭ ካለ ደርቋል። ከታጠፈ ገና ነው፤ አትላኪው።

አውቶቡሱን በተመለከተ፣ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እቃውን ለረዳት አስጨብጦ መመለስ ጥሩ አይደለም። ካርቶኑ ላይ በሁለት በኩል የልጅሽን ስምና ስልክ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፊ። ደረሰኝ ተቀበዪ። የታርጋ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ለልጅሽ ላኪላት። አውቶቡሱ ከመግባቱ በፊት እሷ መናኸሪያ ትድረስ።

እትዬ፣ ከሥራ ስገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሽንኩርት መክተፍ አቅቶኛል። (ወንደላጤ፣ ከዚራ)

አይዞህ፣ ያለ ሽንኩርትም ሽሮ ይሠራል። ለሁለት ሰው ግማሽ ኩባያ ሽሮ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ። ሽሮውን መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፤ የሚጓጉለው ደረቁን ፈላ ውሃ ላይ ስትነሰንሰው ነው። ዘይትና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ሞቅ አድርግ፣ ውሃውን ጨምር፣ ሲፈላ የበጠበጥከውን አፍስስ። ከዚያ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በዝግታ ይንተክተክ። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ በስሏል። ቶሎ ያወረድከው ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል።

ሽሮ ከሰለቸህ ክክ ምስር አለ፤ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ በ20 ደቂቃ ይደርሳል።

ሽምብራ ለምን አይበስልልኝም? ሐረር ከተዛወርኩ ወዲህ ባሰ።

ከፍታው ነው። ሐረር ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረር ላይ በ94 አካባቢ። ውሃው ሲፈላ ብታዪውም ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ እሳት ብትጨምሪ የሚያልቀው ውሃው ብቻ ነው።

ድሬ ያላችሁም አትደሰቱ፤ የእኛ ችግር የውሃው ክብደት ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ኖራ ጥራጥሬንም ያከርረዋል። መፍትሔው ለሁለቱም ከተማ አንድ ነው። ማታ ዘፍዝፊው፣ ውሃው ላይ የማንኪያ ጫፍ የምታህል ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ፣ ጠዋት አጥበሽ ቀቅይው። ቲማቲምና ሎሚ ሽምብራው ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ አይለሰልስም። ፕሬዠር ኩከር ካለሽ ደግሞ ከፍታውን ረሺው።

ከምሳ የተረፈ ሩዝ ለእራት ይሆናል? ፍሪጅ የለኝም። (ከመጋላ)

አይሆንም። በድሬ ሙቀት የበሰለ ሩዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ሩዝ ላይ የሚያድግ ባክቴሪያ አለ፤ የሚያመነጨው መርዝ እንደገና ብታሞቁትም አይጠፋም። ያውም ልጆች ላይ ይከፋል። ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ ቀቅሉ። ሩዝ በሙዝ የምትወዱ ደግሞ ሙዙን ገበታ ላይ ላጡት።

የባቢሌ ኦቾሎኒ በጆንያ ገዝቼ ነበር። ጥቂቱ ሻግቷል። ቆልቼ ልጠቀመው?

የሻገተውን ጣዪው። የተሸበሸበውንና የመረረውንም እንዲሁ። ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ጉበት ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ባቢሌ ጥሩ ኦቾሎኒ ታወጣለች፤ ክፉው አያያዛችን ነው። ከእነ ቅርፊቱ ግዢ፣ በጆንያ ሳይሆን በኪሎ ግዢ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጪው።

መብራት ሲጠፋ ምን እንብላ?

በሶ በውሃና በማር። ወይም በሶውን በዘይትና በበርበሬ ፈትፍቱት። እሳት የለ፣ ድስት የለ።

የቆርቆሮ ሳልሳ ከከፈትኩ በኋላ?

ቆርቆሮው ውስጥ አይደር። ብርጭቆ ውስጥ ገልብጪው፣ ላዩን በዘይት ሸፍኚው፣ ፍሪጅ አስገቢው።

አባቴ «ፖስታ የተጀመረው ከሐረር ነው» ይሉ ነበር። እውነት ነው? (ከሐረር፣ ጁገል)

አባትህ ትክክል ናቸው ማለት ይቻላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1894 በምኒልክ ዘመን ፖስታ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ ሐረር፣ አንዱ እንጦጦ ነበር። ያኔ ባቡር የለም። ደብዳቤው ከሐረር ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በመልእክተኛ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው፤ ደብዳቤውም ሐዲዱን ተከተለ። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። የድሮ ፖስታና ቴምብር ቤት ውስጥ ካላችሁ ቴምብሩን አትላጡት፤ ከነፖስታው፣ ከነማኅተሙ ይቀመጥ። ማኅተሙ ቀኑንና ከተማውን ይዟል።

ሽሮዬ ውስጥ ነቀዝ ገባ። መጣል አለብኝ?

ጥቂት ከሆነ ንፊው፣ ከዚያ በደንብ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን አቆዪው፤ እንቁላሉም ይሞታል። ከፍሪዘር ስታወጪው እስኪሞቅ ድረስ አትክፈቺው፤ አለበለዚያ እርጥበት ይስባል። ድር ካደራበትና ጠረኑ ከተለወጠ ግን ጣዪው። ለሚቀጥለው ጊዜ የሁለት ወር ብቻ አስፈጪ።