ጥያቄና መልስ፦ የዳቦ ቤት ባለጎማ ትሮሊ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ዳቦ ቤት አለኝ። ትሪዎቹን ጠረጴዛ ላይም ወለል ላይም ነው የምንደረድራቸው፤ ቦታው ጠቦናል። ከውጭ የመጣ፣ ትሪ በደርብ በደርብ የሚገባበት የስቴንለስ ትሮሊ ዋጋ ብጠይቅ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። የሰፈር በያጅ «ልኩን አምጣና እሠራልሃለሁ» ብሎኛል። ምን ልክ ልስጠው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚለካው ትሪው ነው። «40 በ60» ተብሎ የተሸጠ ትሪ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ሚሊ ይበልጣል ወይም ያንሳል፤ ተጣሞም ሊሆን ይችላል። ካሉዎት ውስጥ አምስት ስድስቱን አንስተው ከከንፈር እስከ ከንፈር፣ በውጭ በኩል ይለኩና ትልቁን ልክ ይያዙ። ትሪ ገና የሚገዙ ከሆነ ትሪውን ገዝተው ነው ወደ በያጅ የሚሄዱት።

ከዚህ በታች ያለው ልክ ለ40 በ60 ሴንቲ ሜትር ትሪ ነው። ትሪው በጠባብ በኩል (በ40ው) ይገባል። በግራና በቀኝ ቋሚዎች መካከል ያለው ክፍተት 41 ሴንቲ ይሁን፤ ማለት ትሪው በድምሩ 1 ሴንቲ ይላወሳል። ከዚህ ካነሰ ትንሽ የተጣመመ ትሪ ይነክሳል፤ ትኩስ ትሪ ደግሞ በጓንት ተይዞ ሲታገሉት አይወደድም። ትሪው የሚንሸራተትበት ጠርዝ፣ ሐዲድ እንበለው፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ነው። ትሪው ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ቢጠጋ እንኳ በሌላው በኩል 1.5 ሴንቲ ተደግፎ ይቀራል። አንዳንድ በያጅ ብረት ለመቆጠብ ባለ 1.5 ሴንቲ ሐዲድ ያደርጋል። ያኔ የሚቀረው ድጋፍ 5 ሚሊ ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን ትሪው ከነዳቦው ታች ያለው ላይ ይወድቃል።

ቁመቱን ብረቱ ራሱ ይወስንልዎታል። አንድ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) 6 ሜትር ነው። ባለ 30 በ30 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነውን ይግዙና 149 ሴንቲ የሆኑ አራት ቋሚዎች ያስቆርጡ፤ የመቁረጫው ዲስክ ከሚበላው ጋር አንዱ ብረት ልክ አለቀ ማለት ነው። ከሁለተኛው ብረት 41 ሴንቲ የሆኑ አራት አግዳሚዎች (ለፊትና ለኋላ፣ ከላይና ከታች) እና 56 ሴንቲ የሆኑ አራት አግዳሚዎች (ለጎንና ጎን) ይወጣሉ። ሁለት ሜትር ገደማ ይተርፋል፤ ለሚቀጥለው ትሮሊ ይቆይ። እጀታ አያስፈልግም። ቋሚው ራሱ እጀታ ነው፤ የተጨመረ እጀታ ደግሞ ሊጥና ዱቄት የሚሰበስብ አንድ ተጨማሪ ጥግ ከመሆን አያልፍም።

ሲያልቅ ትሮሊው በውጭ 47 በ62 ሴንቲ ይሆናል። ከጥግ እስከ ጥግ 78 ሴንቲ ነውና ባለበት ዞሮ እንዲመለስ ኮሪደርዎ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሳይለኩ አያሠሩ። የአሮጌ ቤቶች በር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የሚያስቸግረው ከማቡኪያው ወደ ምድጃው የሚታጠፈው ጥግ ነው።

የመጀመሪያው ሐዲድ ከታችኛው ጫፍ 6 ሴንቲ ላይ ይቀመጥና በየ10 ሴንቲው 14 ደርብ ይወጣል። የመጨረሻው 136 ላይ ያርፋል፤ ከላይኛው አግዳሚ ጋር 10 ሴንቲ ይቀረዋል። ባለ 100 ግራም ዳቦ በአንድ ትሪ 20 ቢደረደር በአንዴ 280 ዳቦ ይይዛል። ረዘም ያለ ወይም ኬክ የሚጋግሩ ከሆነ 12 ሴንቲ ያድርጉና 11 ደርብ ይበቃዎታል። ሊጡ ኩፍ ብሎ የላይኛውን ትሪ ታች እንዳይነካ ቢያንስ ሦስት ሴንቲ ባዶ ይቅርለት።

ለበያጁ ሦስት ነገር በግልጽ ይንገሩት። አራቱን ቋሚዎች ጎን ለጎን አስሮ የሐዲዱን ምልክት በአንድ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፣ በአንድ ጊዜ ያስምር፤ አንድ በአንድ ከለካ ስህተቱ በየቋሚው ይለያይና ትሪው ይንገዳገዳል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በነጥብ ብየዳ ከያዘ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ይለካ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ከበለጠ መዶሻ አንስቶ ያቃናው። ሙሉ ብየዳ ገብቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቃና ነገር የለም። ሦስተኛ፣ አንዱን ጎን በይዶ ጨርሶ ወደ ሌላው አይሂድ፤ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይበይድ፤ አለዚያ ሙቀቱ ፍሬሙን ይስበዋል፤ ከአራቱ ጎማ አንዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ኋላ በኩል 30 በ3 ሚሊ የሆነ ጠፍጣፋ ብረት፣ እያንዳንዱ 155 ሴንቲ ገደማ፣ ሁለት ሆኖ በ«X» ቅርጽ ከቋሚዎቹ ውጫዊ ገጽ ላይ ይበየድ። ይህ ብረት ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ትሮሊው ወደ ጎን እንዳይላወስ ያደርጋል፤ ትሪውም ወደ ኋላ አልፎ እንዳይወድቅ ያቆመዋል። ብዙ ትሮሊ የሚጎድለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ገንዘብዎን የሚያወጡት ሐዲዱና ጎማው ላይ ነው፤ ቆጣቢ መሆን የሚቻለው ፍሬሙ ላይ ነው (የጎማውን ነገር ቀጥሎ ባለው መልስ ያገኙታል)። ፍሬሙ ተራ ብረት ሆኖ ጥሩ ቀለም ከተቀባ ለዓመታት ያገለግላል። ሐዲዱ ግን በየቀኑ በትሪ ይፋቃል። የተቀባ ሐዲድ ቀለሙን የሚያራግፈው ወለል ላይ አይደለም፤ ከሥሩ ባለው ትሪ ዳቦ ላይ ነው። ስለዚህ ሐዲዱን ከባለ 1.2 ሚሊ ስቴንለስ ላሜራ ያስጥፉ። 5 በ59.5 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ መሃሉ ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። ለአንድ ትሮሊ 28 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ 122 በ244 ሴንቲ ከሆነ አንድ ላሜራ 96 ይወጣል፤ ለሦስት ትሮሊ ይበቃል ማለት ነው። ብቻዎን ከመግዛት ከጎረቤት ዳቦ ቤት ጋር ቢጋሩ ይሻላል። ስቴንለስን ከተራ ብረት ጋር የሚያያይዘው ኤሌክትሮድ 309 የሚባለው ነው፤ በተራው ከተበየደ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ይዝጋልም።

ሐዲዱ ሲበየድ የታጠፈው ክንፍ ወደ ታች ይዙር። ወደ ላይ ከዞረ ትሪው የሚያርፍበት ጥግ የፍርፋሪ ገንዳ ይሆናል፤ ወደ ታች ከዞረ ላዩ ለጥ ያለ ስለሆነ በአንድ ጨርቅ ይጠረጋል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከበርሜል የተፈታ ላሜራ በርካሽ ይገኛል። ለከሰል ምድጃ ይሁንልዎ፤ ለሐዲድ አይጠቀሙበት። በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር አይታወቅም፤ የውስጥ ሽፋኑም በጊዜ ብዛት ይላጣል።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነን። ትሮሊ አሠርተን ሦስት ወር ሳይሞላው ሁለት ጎማ ተነቀለ፤ ሌላው አይዞርም። በዚያ ላይ ሌሊት ስንገፋው የሚያሰማው ድምፅ ፎቁ ላይ ያሉትን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

መልስ፦ ሦስቱም ችግር መነሻው ለየቅል ነው።

የተነቀለው ጎማ ባለ አንድ ዘንግ ሆኖ ቱቦላሬው ውስጥ ተሰክቶ ሳይሆን አይቀርም። 1.5 ሚሊ የሆነ ግድግዳ ይህን አይችልም፤ ጎማው ወለል ላይ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ባጋጠመው ቁጥር ዘንጉ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ባለ ሳህን ጎማ ይግዙ። በአራቱ ጥግ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ የጎማውን ሳህን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ብረት ያስበይዱና ጎማውን በአራት ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ያሳስሩ። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለበት፣ የማይፈታው ዓይነት ይሁን። ጎማውን በቀጥታ የሚበይድ ባለሙያ ካጋጠመዎ ያስቁሙት፦ ሙቀቱ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል፤ ጎማውም ሲያረጅ በግራይንደር ካልሆነ አይወጣም።

የማይዞረውን ገልብጠው ይዩት። ኩሽኔታው ዙሪያ ግራጫ ድርቅ ያለ ነገር ያገኛሉ። ዱቄትና ውሃ ነው፤ ማለትም ሙጫ። ወለሉን በጎማ ቱቦ ሲያጥቡ ውሃው ግሪሱን ያወጣዋል፤ ዱቄቱ በቦታው ይገባል። ኩሽኔታው የተሸፈነ ጎማ ይምረጡ፤ ውሃ በቀጥታ አይርጩበት፤ በወር አንዴ የተጠቀለለውን ክርና የማዳበሪያ ፈትል በምላጭ ይቁረጡና ግሪስ ይቀቡት። የዱቄት ጆንያ ስፌት ሲፈታ የሚወድቀው ክር ነው ጎማን ከምንም በላይ የሚያስረው።

ድምፁ ከናይለን ጎማ ነው። ናይለን ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ግን ይጮኻል፤ የወለል ሸክላም ይሰነጥቃል። ተራ ጥቁር ጎማ ዝም ይላል፤ ዘይትና ቅቤ ሲነካው ግን ይለሰልሳል፤ ወለሉም ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። ለዳቦ ቤት የሚሻለው ፖሊዩረቴን ነው። ዲያሜትሩ 125 ሚሊ ይሁን፤ ባለ 75ቱ በየመጋጠሚያው ይሰካል።

አቅሙን ሲመርጡ የትሮሊውን ሙሉ ክብደት በአራት ሳይሆን በሦስት ያካፍሉ፤ ወለል ባልተስተካከለበት ቤት ሁልጊዜ አንዱ ጎማ ሥራ ፈት ነው። ባዶው ትሮሊ 30 ኪሎ ገደማ፣ 14 ትሪ ከነዳቦው ደግሞ 50 ኪሎ ገደማ ቢሆን ለአንዱ ጎማ 27 ኪሎ ይደርሰዋል። ከደፍ ላይ ሲወርድ የሚመታው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ባለ 70 ወይም 80 ኪሎ ጎማ ይውሰዱ። ቤትዎ ጠባብ ከሆነ አራቱም የሚዞሩ፣ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው ይሁኑ። ትሮሊው ወደ ደጅ ወጥቶ ተዳፋት ላይ የሚገፋ ከሆነ ሁለቱ የማይዞሩ ይሁኑ፤ አለዚያ ቁልቁል ሲሆን መሪ የለውም። ወደ ጎን በ12 ዲግሪ አካባቢ ካዘነበለ ይገለበጣል። የሚዞሩት ጎማዎች ወደ ውስጥ ከታጠፉ 9 ዲግሪም ይበቃዋል። ስለዚህ ሲጭኑ ከታች፣ ሲያወርዱ ከላይ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ነኝ። ያለን ትሮሊ ክረምት በመጣ ቁጥር ይዝጋል፤ በረሮም አፍርቷል። እንዴት ልገላገለው?

መልስ፦ በረሮው የሚኖረው ቱቦው ውስጥ ነው። የቋሚዎቹን የላይና የታች ጫፍ ይዩ፤ ክፍት ናቸው። ዱቄት ይገባል፣ እርጥበት ይገባል፣ ጨለማና ሙቅ ነው፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? ውስጡን በፈላ ውሃ አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁትና ጫፎቹን በላሜራ ክዳን አስበይደው ይድፈኑ። የፕላስቲክ ክዳን ይወልቃል። በነጥብ ብቻ የተያዙትን መጋጠሚያዎችም ዙሪያቸውን ሙሉ ያስበይዱ፤ ምላጭ የሚገባበት ስንጥቅ ሁሉ የበረሮ እንቁላል ይገባበታል።

ለዝገቱ በላዩ ላይ መቀባት ዋጋ የለውም። በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቅ፤ በቲነር ይጠረግ፤ አንቲረስት አንድ እጅ፣ ከደረቀ በኋላ የላይኛው ቀለም ሁለት እጅ። ይህ ሥራ ሰኔ ሳይገባ ይሠራ፤ በዝናብ ወቅት እርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ወዲያው ይነፋል። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ይምረጡ፤ ቆሻሻውን አይደብቅም።

ለዕለት ጽዳት ፕላስቲክ መፋቂያ፣ ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው፤ ከዚያ ማድረቅ። በረኪና ስቴንለስ ላይ ታጥቦ ሳይለቀቅ ከደረቀ ጥቃቅን ጉድጓድ ይበላዋል። የሽቦ እስፖንጅም አይንካው፤ የሚተወው የብረት ብናኝ በራሱ ይዝግና «ስቴንለሱ ዛገ» ያሰኛል።

ጥያቄ፦ መርካቶ የብየዳ ሱቅ አለኝ። አንድ ደንበኛ የሚሽከረከር ፉርኖ (ትሮሊውን ውስጡ እያዞረ የሚጋግር ምድጃ) ውስጥ ከነትሪው የሚገባ ትሮሊ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ከላይኛው በምን ይለያል?

መልስ፦ በሁሉም ነገር። ልኩን ከፉርኖው ይውሰዱ፤ የሚሰቀልበት መንጠቆ ወይም የሚያርፍበት ሳህን ከማሽን ማሽን ይለያያል። ቀለም፣ ናይለን፣ ፖሊዩረቴን፣ ናይለን ያለበት ዳዶ፣ ተራ ግሪስ ሁሉም ቀርተው ሙሉ በሙሉ ስቴንለስ ይሁን። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ርካሽ ነው ብለው አይሞክሩ፦ ሽፋኑ ለእንዲህ ያለ ሙቀት የተሠራ አይደለም፤ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዝዎታል። ጎማው «ለከፍተኛ ሙቀት» ተብሎ የተሠራና የሚችለው ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ከላይ ካልነው ተቃራኒ ነው፦ እዚህ ቱቦ አይደፈንም። ተደፍኖ የቀረ እርጥበት ሲሞቅ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ብየዳውን ያፈነዳል፤ በእያንዳንዱ ቱቦ በታችኛው በኩል 3 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ።

ጥያቄ፦ በበጋ ትሮሊ ላይ ያሳደርነው ሊጥ ላዩ ቅርፊት ይሠራል፤ ሲጋገርም ይሰነጠቃል። የትሮሊው ጥፋት ነው?

መልስ፦ የአየሩ ነው። ከጥቅምት በኋላ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ሌሊቱም ይበርዳል። ወፈር ካለ ገላጭ ፕላስቲክ ትሮሊውን ከላይ እስከ ታችኛው ደርብ የሚያለብስ ከረጢት ያሰፉ፤ ፊቱ በዚፕ ይከፈት። ታችኛው ደርብ ላይ ትሪ በሌለበት ሙቅ ውሃ የያዘ ሰፊ ሳህን ያስቀምጡ። ከረጢቱ በየቀኑ ተገልብጦ ይታጠብና ይድረቅ፤ እርጥቡን አጥፎ ማሳደር ሻጋታ ነው። ከረጢቱ ጎማው ሥር እንዳይገባ ጫፉ ከወለል 20 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቆረጥ።