ቢጫው ውሃ ለጫጩቶቹ አልረዳም

ጥያቄ፦ «ፍልሰታ ሲገባ የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። ደህና አድገው ነበር። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ግን ተኩራምተው ይቆማሉ፤ ኩሳቸው ደም አለበት። ውሃው ቢጫ እስኪሆን መድኃኒት በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ አልተሻላቸውም። አራቱ ሞቱ። ቤቱም ይሸታል። ምን ላድርግ?» (ከሞጆ)

መልስ፦ እህቴ፣ የመድኃኒቱን ስም ባይጽፉልኝም ከቀለሙ ገመትኩ። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትተው ይሆናል። ይህን በየሄድኩበት አየዋለሁ፤ እባካችሁ ተዉት! ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። የአምስት ስድስት ሳምንት ጫጩት፣ ደም ያለው ኩስ፣ የሚሸት ቤት ሲባል ግን እኔ ኮክሲዲዮሲስ ነው የምለው። አምጪው አይሜሪያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ነው።

የብዙ ጫጩት ትኩስ ኩስ በንጹሕ ዕቃ ይዘው እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ፤ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ተውሳኩ ከተገኘ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት ይሰጥዎታል። መጠኑን በማሸጊያው ላይ ባለው ጽሑፍ መሠረት ይበጥብጡ። አብሮ ቫይታሚን አይጨምሩ፤ አምፕሮሊየም የሚሠራው ተውሳኩን ቫይታሚን ቢ1 በመንሳት ነው።

ዋናው ሥራ ግን ጉዝጓዙ ላይ ነው። የተውሳኩ ዘር ከኩስ ጋር ሲወጣ ገና በሽታ አያስይዝም። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በአንድ ሁለት ቀን ይበስላል፤ ጫጩቷ እየጫረች ትውጠዋለች። ስለዚህ እርጥበቱን ይንሱት። ዛሬውኑ የውሃ መጠጫውን ከመሬት ያንሱና ጡብ ላይ ያስቀምጡ፤ ከፍታው በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ ይሁን። ያኔ አይደፉትም፣ አይጭሩበትም። በመጠጫው ዙሪያ የራሰውን በየቀኑ ጠርገው ደረቅ ፍቅፋቂ ወይም የተከተፈ ጭድ ይተኩ። ጉዝጓዙን በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት። ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ከተበተነ ደህና ነው። ብርድ ፈርተው መስኮቱን በላስቲክ ከደፈኑም ከላይ በኩል ይክፈቱት፤ ያ ሽታ መውጫ አጥቶ ነው።

የተጠረገውን ደጅ አይበትኑት። ያገር ዶሮ ካለዎት ለቅማ ትመልስልዎታለች። እርቀው ይቅበሩት፣ ጫማዎንም ሳይታጠቡ ወደ ጫጩቶቹ አይግቡ።