የላፕቶፕ ጥንካሬ ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ላፕቶፕ መጠገን ሥራዬ ነው። ስለ ብራንድ ኮምፒውተሮች አሠራር የገባችሁም ያልገባችሁም ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን እንደየተራቸው እመልሳለሁ።

ሰላም ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ዴል ይሻላል፣ ኤችፒ ወይስ ሌኖቮ?

የኩባንያውን ስም ለጊዜው ተወውና ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈውን አንብብ። ዴል እስከ 2025 (በፈረንጆች) ኢንስፓይሮንም ላቲትዩድም በሚሉ ስሞች ሲሠራ ነበር። ኤችፒ ፓቪሊዮንም ኤሊትቡክም ሲሸጥ ኖሯል። ሌኖቮም እንዲሁ አይዲያፓድና ቲንክፓድ። ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ በዋናነት ለመሥሪያ ቤት የታሰቡ ናቸው። አንድ ባንክ በሺህ የሚቆጠር ላፕቶፕ ከሦስት ዓመት ዋስትና ጋር ሲገዛ፣ በዋስትናው ጊዜ የሚበላሸው የሚጠገነው በአምራቹ ወጪ ነው። ስለዚህ አምራቹ ገና ሲሠራው ክዳኑን ከታችኛው አካል ጋር በሚያያይዘው ማጠፊያ ላይ ትንሽ ገንዘብ ቢጨምር ያዋጣዋል። ለቤት የሚሸጠው ግን ሱቅ ውስጥ የሚወዳደረው በዋጋ ነው። ገዢው ፕሮሰሰሩንና ራሙን ይጠይቃል፣ ስለ ማጠፊያው የሚጠይቅ የለም። ቁጠባው የሚያርፈው እዚያው ማንም የማያየው ቦታ ላይ ነው። ለልጁ ያገለገለ ላቲትዩድ ወይም ቲንክፓድ ብትገዛለት፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሁሉም ቻይና ነው የሚገጣጠመው፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

አብዛኛው እዚያ መገጣጠሙ እውነት ነው። ኳንታ፣ ኮምፓልና ዊስትሮን የሚባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ለተለያዩ ብራንዶች ላፕቶፕ ሲሠሩ ኖረዋል። ፋብሪካው ግን የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ልብስ ሰፊ ጋ አንዱ ጥሩ ሱፍ፣ ሌላው ርካሽ ጨርቅ ይዞ ይሄዳል፤ መኪናውም እጁም ያው ነው፣ የሚወጣው ልብስ ግን ለየቅል ነው።

የእህቴ ላፕቶፕ ሳይወድቅ ጥጉ ተሰነጠቀ። ስትከፍተው ቀፎው ይነሳል። ምን አድርጋው ነው?

እህትህ ምንም አላደረገችም። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ አንድ ላፕቶፕ ፈትቼ ነበር፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው። የብረቱ ማጠፊያ ደህና ነበር። ማጠፊያውን የያዙት ቪቴዎች የሚገቡት ግን ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ዳዶዎች ነው። አራቱም ዳዶዎች ከነሥራቸው ተነቅለው፣ የፕላስቲክ ስባሪ እንደያዙ ቪቴው ላይ ተንጠልጥለዋል። ማጠፊያው አልታጠፍ እያለ ሲጠነክር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ይለቃል። ጠንካራ በሆኑት ላይ ማጠፊያው የሚታሰረው ከማግኒዚየም ወይም ከአሉሚኒየም አካል ጋር ነው።

ጥገናው ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ይሠራል፣ ግን ማጠፊያውን ሳያላሉ ማጣበቅ ዋጋ የለውም፤ ተመልሶ ይነቀላል። እስከዚያው ክዳኑን ከጥጉ ሳይሆን ከመሃሉ ይዛ ትክፈተው።

ልትገዙ ስትሄዱም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ፦ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱ የማጠፊያው ጥግ ላይ ክፍተት ይፈጠራል? ኪቦርዱን መሃል ላይ ስትጫኑት ይሰምጣል? በአንድ ጥጉ ይዛችሁ ስታነሱት ሲጢጥ ይላል? የትኛውም ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም።

«ሚሊታሪ ስታንዳርድ» የሚለው ጽሑፍስ?

ሚል-ኤስቲዲ-810 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሙቀት፣ የአቧራ፣ የንዝረትና የመውደቅ ፈተናዎች እንዴት እንደሚደረጉ የጻፈበት ሰነድ ነው። ከዝርዝሩ የትኛውን እንደሚፈትን የሚመርጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ ሠራዊቱ ለላፕቶፑ ምስክር ወረቀት አይሰጥም። ስለዚህ የትኞቹን ፈተናዎች እንዳለፈ ካልተዘረዘረ ብዙ አትመኩበት።

ቲንክፓድ ከቀድሞ ባለቤቱ ከአይቢኤም እጅ ከወጣ ወዲህ ጥራቱ ወረደ ይባላል።

ሌኖቮ የተረከበው በ2005 ነው (በፈረንጆች)፤ ዲዛይኑን የሚሠራው የጃፓኑ ቡድን ግን አብሮ ቀጥሏል። ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቀጭን የማድረግ ፉክክሩ ነው። የ2018ቱ ቲ480 የኋላ ባትሪው ያለ ካቻቪቴ ይወጣል። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቲ490 ባትሪው ውስጥ ገባ፣ ከራሙም ከፊሉ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበየደ። ቀፎው ጠንካራ ነው፣ ዕድሜውን ማራዘም ግን ከባድ ሆነ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ሳልወጣ መሥሪያ ቤታችን የነበሩት ዴል ዴስክቶፖች ተራ በተራ ሞቱብን። ያኔ ደግሞ ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ናቸው ተብለን ነበር።

ጋሼ፣ ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 ወይም ጂኤክስ280 ከነበሩ ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አምራቾች የገዟቸው ካፓሲተሮች (ማዘርቦርዱ ላይ የሚቆሙ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጉድለት ነበረበት፤ አናታቸው ያብጣል፣ ከዚያም ያፈሳሉ። ዴል ለዚህ ጥገና በ2005 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ጥሩ የሚባል ሞዴልም ቢሆን ከሌላ በተገዛች ትንሽ ዕቃ ይወድቃል። ሣጥኖቹ አሁንም ካሉ ይክፈቷቸውና የካፓሲተሮቹን አናት ይመልከቱ፤ ያበጡት ብቻ ከሆኑ መቀየር ይቻላል።

ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላቲትዩድ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ከሥሩ ያለውን ሰባት ሆሄና ቁጥር የያዘ ሰርቪስ ታግ ዴል ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረውና ዋስትናው መቼ እንዳለቀ ያሳይሻል። ሻጩ ከነገረሽ ጋር ካልተመሳሰለ ምን እንደተቀየረ ጠይቂ። ከዚያ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ2 ተጫኚና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቢ። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቁልፍ አልተፈታም ማለት ነው፤ ሻጩ እዚያው ፊትሽ ካልፈታው ገንዘብሽን አትስጪ።